ጀማሪው ገበሬ ከብድሩ በፊትና ከብድሩ በኋላ

ርዕሰ አንቀጽ



ሰሞኑን ወደ ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት የሚመጣው ሰው ጉዳይ እንደ ወትሮው የውኃ መቋረጥ ወይም የአጥር ክርክር አይደለም። የሚመጡት ወጣቶች ናቸው። ገሚሶቹ ዶሮ ለማርባት፣ ገሚሶቹ የወተት ላም ለመግዛት፣ ጥቂቶቹም ወደ አባቶቻቸው አገር ተመልሰው ለማረስ ያሰቡ ናቸው። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «መንግሥት ለጀማሪ ገበሬ የሚሰጠው ብር አለ ይባላል፤ በየት በኩል ነው የሚገኘው?» ይላሉ። ከእነርሱ ኋላ ደግሞ እናቶችና አባቶች ይመጣሉ። የእነርሱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ «ልጄ ዋስ ሁኚኝ ብሎኛል፤ ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?»

ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ በመሆናቸው በዚህ ጽሑፍ እንደ አቅማችን እንመልሳቸዋለን። ይሁን እንጂ ከሁለቱም የሚበልጥ፣ ግን ማንም ሲጠይቀው ያልሰማነው ሦስተኛ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ብሩ ከመጣ በኋላ፣ በሁለተኛው ዓመት፣ ከጀማሪው ጎን ማን ይቆማል?» የሚለው ነው። ጀማሪ ገበሬ የሚወድቀው ብር በማጣት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ብር ካገኘ በኋላ ብቻውን ሲቀር ነው። ይህን የምንለው በገዛ ሰፈራችን አይተን ነው።

በሰፈራችን የሆነው

ነገሩን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰባት የሰፈራችን ልጆች ተደራጅተው የመሥሪያ ሼድ ተሰጣቸው፤ ብድርም ወጣላቸው። የ45 ቀን ቄብ ዶሮዎች ገዝተው በኅዳር መጀመሪያ አስገቡ። የምረቃው ዕለት ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶግራፍ ተነሣ፣ ዳቦ ተቆረሰ። እኛም የማኅበሩ ኮሚቴ አባላት ከፊት ወንበር ተቀምጠን አጨበጨብን።

ቄቦቹ እንቁላል መጣል የጀመሩት የካቲት ሲያልቅ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ዐቢይ ጾም ገብቷል። የሰፈሩ አብዛኛው ሰው ይጾማል፤ ሱቁም ምግብ ቤቱም እንቁላል መቀበል ቀንሷል። ልጆቹ እንቁላሉን በየትሪው ደርድረው ገዢ ጠፋ። ዶሮ ግን ሰው ጾመ ብላ መብላቷን አትተውም፤ መኖው በየሳምንቱ ይገዛል። በዚያ ላይ አንድ የክትባት ቀን ታለፈና ፈንግል ገባ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከዶሮዎቹ አብዛኞቹን ጨረሰ። ፋሲካ ደርሶ ገበያው ሲሞቅ በእጃቸው የሚሸጥ እንቁላል አልነበረም።

የብድሩ ክፍያ ግን ቀኑን ጠብቆ መጣ። አንዱ ልጅ ወደ ክፍለ ሀገር ሄደ፤ አንዷ ዐረብ አገር ሄደች፤ የቀሩት አምስቱ የሰባት ሰው ዕዳ ተሸከሙ። ዋስትናው የቡድን ነበርና የሄደው ሰው ድርሻ በቀረው ላይ ይጫናል። ከመካከላቸው የአንዱ እናት ለቤት ጣሪያ ያሰቡትን የዕቁብ ዕጣ አምጥተው ከፈሉ። ሼዱ ዛሬ ተዘግቶ ቆሟል።

ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። እንዲያውም በቅድሚያ ግለ ሂስ ማድረግ ያለብን እኛው ነን። የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፍነው እኛ፣ ማኅተም የመታነው እኛ፣ ያጨበጨብነው እኛ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቀን እንኳ ሼዱን ረግጠን «ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? ምን ጎደላችሁ?» አላልንም። ከመካከላችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ዶሮ ያረቡ እናቶች ነበሩ፤ «ለፋሲካ የሚደርስ ዶሮ በዚህ ወር ይገባል» ብሎ ለመንገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም፤ እነርሱም ሳይጠየቁ መናገር ከበዳቸው።

ስጦታ፣ ብድርና አገልግሎት

አሁን ወደ ወጣቶቹ ጥያቄ እንምጣ። «የመንግሥት ድጋፍ» ሲባል በአንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይጠራሉ፤ ስጦታ፣ ብድርና አገልግሎት። ሦስቱን አደባልቆ ማየት ለብዙ ሰው መውደቂያ ሆኗል።

ስጦታ ማለት የማይመለስ ገንዘብ ወይም ዕቃ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ይህ ጥቂት ነው፤ የሚሰጠውም ለተለየ ሰው ነው። በ2009 ዓ.ም አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። እጅግ ድኻ የሆኑ ቤተሰቦች በማኅበረሰብ ሥራ እየተሳተፉና ከሚከፈላቸው ላይ እየቆጠቡ ቆይተው፣ ሲመረቁ ለሥራ መነሻ የሚሆን የማይመለስ ገንዘብ እንዲያገኙ የተዘጋጀ አሠራር ነው። በዚያ ገንዘብ በጓሮ አትክልትና በዶሮ የጀመሩ ቤተሰቦች አሉ። በዚህ መዝገብ ላይ የሌለ ሰው ግን «ስጦታ ይደርሰኛል» ብሎ ቢጠብቅ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሁለተኛው ብድር ነው። አብዛኛው «ድጋፍ» የሚባለው ይኸው ነው። በ2009 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 995/2009 የኢትዮጵያ ወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በ10 ቢሊዮን ብር ሲቋቋም ብዙ ሰው «ለወጣት 10 ቢሊዮን ብር ተሰጠ» ብሎ አወራ። ስሙ ራሱ ግን ይናገራል፤ ተዘዋዋሪ ነው። አንዱ ሲመልስ ለቀጣዩ ይዞራል፤ አንዱ ካልመለሰ የቀጣዩ ወጣት ዕድል ይዘጋል። ስለዚህ የተዘዋዋሪ ፈንድን ብር የሚወስድ ሰው የሚበደረው ከመንግሥት ብቻ ሳይሆን ከታናሽ ወንድሙም ጭምር መሆኑን ይወቅ።

በዋስትና በኩልም የተለወጠ ነገር አለ። ቀድሞ ቤት ወይም መኪና የሌለው ሰው ባንክ ደጃፍ አይደርስም ነበር። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የሚንቀሳቀስ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል፤ ከብትና ሰብል ጭምር ማለት ነው። ይህ ለጀማሪ ትልቅ በር ነው። በሩ መከፈቱ ግን የሚያስገባው ሁሉ ይወጣል ማለት አይደለም፤ ላሟን ያስያዘ ሰው ላሟ ስትሞት ዕዳው አብሯት አይሞትም። በሃይማኖቱ ምክንያት ወለድ የማይወስድና የማይከፍል ወንድማችንም «ብድር ለእኔ አይሆንም» ብሎ አይመለስ፤ ከወለድ ነፃ የሆነ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች ስላሉ ያንን መስኮት ይጠይቅ።

ሦስተኛው አገልግሎት ነው፤ ይህ በገንዘብ ስለማይታይ ብዙዎች ይንቁታል። የመሥሪያ ሼድ፣ ሥልጠና፣ የባለሙያ ምክር፣ ክትባት፣ የማዳቀል አገልግሎት ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። በገጠር በየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ሦስት የልማት ሠራተኞች እንዲመደቡ፣ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከልም እንዲኖር የተደረገው ለዚሁ ነው። በከተማም የከተማ ግብርና ባለሙያ አለ። በኅዳር 2015 ዓ.ም የተጀመረው «የሌማት ትሩፋት» የተባለው መርሐ ግብር ለምሳሌ የወተትን፣ የእንቁላልን፣ የዶሮ ሥጋንና የማርን ምርት ለማሳደግ የታሰበ ነው። ሰው እንደሚለው «የሌማት ትሩፋት ብር» የሚታደልበት ካዝና አይደለም፤ በእርሱ በኩል ጀማሪው በዋናነት ሊጠይቅ የሚገባው የተሻሻለ ዝርያ፣ ባለሙያና ሥልጠና ነው። ለሰባቱ ልጆች የጎደላቸው ብር ሳይሆን አንድ የክትባት ቀን ነበር። የፈንግል ክትባት እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፤ የአንድ ዶሮ ክትባት ዋጋ ከአንዲት ዶሮ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ወደ ገጠር ለመመለስ ያሰባችሁም ስለ መሬት ማወቅ ያለባችሁ አለ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ አርሶ አደሩም መሬት በነፃ የማግኘት መብት አለው። ከዚያም የወጣው አዋጅ ቁጥር 456/1997 ዕድሜው 18 የሞላውና በግብርና መኖር የሚፈልግ ዜጋ በገጠር መሬት የመጠቀም መብት እንዳለው ደንግጎ ነበር። መብቱ በወረቀት አለ፤ በደጋው አገር ግን የሚታደል ትርፍ መሬት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አብዛኛው ወጣት የሚጀምረው ከወላጅ ተካፍሎ፣ ተከራይቶ ወይም የእኩል እያረሰ ነው። በ2016 ዓ.ም 456ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ደግሞ ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ይፈቅዳል። መልካም ነው። ነገር ግን አባታችሁን «የመሬቱን ደብተር አምጣና ልበደርበት» ከማለታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ። መሬቱ ባይሸጥም የመጠቀም መብቱ ለጊዜው ከእጅ ሊወጣ ይችላል፤ ለሽማግሌ አባት ደግሞ «ለጊዜው» ማለት ዕድሜ ልክ ነው።

አራት እግር

አንዳንድ ሰው «ይህ የልጆቹ ስንፍና ነው፤ መንግሥት ሁሉን አድርጎላቸዋል» ሊል ይችላል። የአገራችንን ታሪክ ያየ ግን እንዲህ አይልም። የገበሬ ድጋፍ በአራት እግር ይቆማል፤ መሬት፣ ዕውቀት፣ ገንዘብና ገበያ። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ሦስቱ ብቻቸውን እንደማይቆሙ ደጋግመን አይተናል።

በ1960 ዓ.ም በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት፣ ሰው በአጭሩ «ካዱ» የሚለው፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር እየሰጠ፣ ገበሬውንም እያስተማረ ምርት አሳደገ። ዕውቀቱም ገንዘቡም ነበር። መሬቱ ግን የባላባቱ ነበር። እርሻው አትራፊ መሆኑን ያየ ባለመሬት ትራክተር እያስገባ ጭሰኛውን ያስነሣ ጀመር። ድጋፉ ለድኻው ታስቦ ብዙው ጥቅም ለባለመሬቱ ሆነ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር እንዲጠቀም ተፈቀደ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። ያኔ የመሬቱ እግር ተተከለ። የገበያው እግር ግን ተሰበረ፤ ገበሬው እህሉን በተወሰነ ኮታና በተቆረጠ ዋጋ ለመንግሥት እንዲሸጥ ይገደድ ነበር፤ ይህም የተነሣው በ1982 ዓ.ም ነው። የዚያን ዘመን ሰዎች እናስታውሰዋለን፤ ካመረተው ላይ ለኮታው አስረክቦ ለቤቱ ከገበያ በውድ የሚገዛ ገበሬ ነበር።

ከ1987 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የኤክስቴንሽን ፓኬጅ መጣ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር፣ ከልማት ሠራተኛ ምክር ጋር። በቆሎው ጥሩ ያዘ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም ግን ምርት በዝቶ የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ። ገበሬው ያመረተው እህል የማዳበሪያውን ዕዳ መክፈል አቃተው፤ በሬውን ሸጦ የከፈለ ብዙ ነው። በቀጣዩ ዓመት ብዙዎች ማዳበሪያ መውሰድ ቀነሱ፤ ከዚያ ድርቁ ተጨመረበትና በ1995 ዓ.ም ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። በአንድ ዓመት ጥጋብ የወደቀ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ለድርቅ ተጋለጠ ማለት ነው።

እነዚህን ያነሣነው የሰባቱ ልጆች ጉዳይ ከእነዚህ የተለየ ስላልሆነ ነው። ሼድ ነበራቸው፣ ብር ነበራቸው፣ የጥቂት ቀን ሥልጠናም ነበራቸው። ገበያ ግን አልነበራቸውም፤ ሲቸግራቸውም የሚጠይቁት ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ዓመት የሚከብድበት ምክንያት

ለማስረዳት እንዲመች የ100 እንቁላል ጣይ ዶሮ ሒሳብ እንሥራ። የብሩ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ በኪሎና በቀን ብቻ እንቆጥራለን፤ ዋጋውን የዕለቱን ገበያ ጠይቃችሁ እናንተው አስገቡበት።

የ45 ቀን ቄብ ገብታ እንቁላል እስክትጥል በግምት ሦስት ወር ተኩል ይወስዳል። በዚህ ጊዜ አንዷ ከ6 እስከ 7 ኪሎ መኖ ትበላለች፤ መቶዎቹ ከ6 እስከ 7 ኩንታል ይፈጃሉ። በእነዚህ ወራት አንዲት ሳንቲም አይገባም። መጣል ከጀመሩ በኋላ አንዷ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች፤ ለመቶዎቹ በቀን ከ11 እስከ 12 ኪሎ ማለት ነው። አንድ ኩንታል መኖ ዘጠኝ ቀን ቢያቆይ ነው። ዶሮ ማርባት ከሚያስወጣው ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው መኖ ነው። እንግዲህ የብድሩን ብር በሙሉ ቄብ ገዝቶ የጨረሰ ሰው መኖውን በምን ይገዛል? በዚህ ጊዜ ነው መኖ ይቀነስና እንቁላሉም አብሮ የሚቀንሰው።

ደህና፣ ይህም ታለፈ እንበል። በደንብ የተያዙ መቶ ዶሮዎች በጥሩ ጊዜያቸው በቀን ከ80 በላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ በዓል ሲቃረብ ደስ የሚል ብር ይገባል። ነገር ግን ዶሮ ዕድሜዋን ሙሉ አትጥልም። መጣል ከጀመረች አንድ ዓመት አካባቢ ካለፈ በኋላ እንቁላሏ እየቀነሰ ስለሚሄድ በሌላ መተካት አለባት። እንግዲህ በሁለተኛው ዓመት ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ የብድሩ ክፍያ፣ የመኖው ወጪና አዲስ ቄብ የመግዛቱ ግዴታ። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ለመተኪያ ያልቆጠበ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። በምረቃው ቀን የመጡት እንግዶች ደግሞ በዚህ ጊዜ የሉም።

የወተት ላምም እንዲሁ ነው። ላም ወልዳ ትታለባለች፤ ቀስ በቀስ ወተቷ ይቀንሳል፤ ትደርቃለች፤ ደረቅ ስትሆንም ትበላለች። አንዲት ላም ብቻ ይዞ የጀመረ ሰው በዓመት ውስጥ ወተት የሌለበት ወራት እንደሚመጣ አስቀድሞ ይወቀው። ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ የጾሙን ቀን የቆጠረ ሰው ከዓመቱ ግማሽ የሚጠጋው ጊዜ ወተት ገዢ የሚቀንስበት መሆኑን ይረዳል። ወተቱን ለነጋዴ በጥሬው ከመስጠት ሌላ አይብና ቅቤ ማውጣት የሚችል ቤት በጾም ጊዜ ይሻላል፤ ቅቤ ለፋሲካ ይቆያል፣ ወተት ግን እስከ ማግሥቱም አያድርም።

ከመፈረማችሁ በፊት

ከላይ ከተዘረዘረው ተነሥተን ለወጣቶቻችንም ዋስ ለሚሆኑ ወላጆችም የሚከተሉትን ጥያቄዎች አዘጋጅተናል። ለአምስቱም መልስ ያልያዘ ሰው እንዳይፈርም አበክረን እናሳስባለን።

1ኛ/ የምትቀበለው ስጦታ ነው ወይስ ብድር? ብድር ከሆነ ወለዱ ስንት ነው? ዋስትናው የግል ነው ወይስ የቡድን? አንድ አባል ቢሄድ ድርሻውን ማን ይከፍላል?

2ኛ/ የእፎይታ ጊዜው ስንት ወር ነው? ዶሮዋ ወይም ላሟ ገቢ ከምትሰጥበት ጊዜ በፊት ክፍያ የሚጀምር ከሆነ ውሉ ለሥራው አይመጥንምና ከመፈረም በፊት ይስተካከል ዘንድ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

3ኛ/ ምርቱ የሚደርሰው በየትኛው ወር ነው? ጾም ላይ ነው በዓል ላይ? የሚገዛችሁን ሱቅ፣ ምግብ ቤት ወይም ጎረቤት በስም መጥራት ትችላላችሁ?

4ኛ/ ከብድሩ ውስጥ ለመኖ፣ ለክትባትና ለክፉ ቀን የተቀመጠው ስንት ነው? ሁሉንም ለቄብና ለላም ግዢ ካዋላችሁት ዕቅዱ ገና አላለቀም።

5ኛ/ ቢያንስ አንድ ወቅት በትንሹ ሞክራችሁታል? አሥር ዶሮ በጓሮው አርብቶ የማያውቅ ሰው በብድር መቶ ባይጀምር ይመረጣል። አሥሩ ቢሞቱ ትምህርት ነው፤ መቶው ቢሞቱ ዕዳ ነው።

ወንዝ ዳር አትክልት ለማልማት ያሰባችሁ ደግሞ ስድስተኛ ጥያቄ ጨምሩ፤ ውኃው ንጹሕ ነወይ? በከተማችን ወንዞች ውስጥ የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ እንደሚገባ ሁላችንም እናያለን። በዚያ ውኃ የለማ ሰላጣና ጎመን የሚበላው የገዛ ጎረቤታችን ነው።

ከሚመለከታቸው የምንጠይቀው

ለወረዳችን የሥራና የከተማ ግብርና ክፍሎች የምናቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። ክትትሉ ከምረቃ ቀን በኋላ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይቀጥል። ባለሙያው ወደ ሼዱ የሚመጣበት ቀን በሼዱ በር ላይ ይለጠፍ፤ ሰው አውቆ ይጠብቀው። የብድር መክፈያ ጊዜ የእንስሳቱን ተፈጥሮ ይከተል እንጂ ለአንድ ሱቅና ለአንድ ላም እኩል አይቆረጥ። የተዘጋውም ሼድ ተዘግቶ ከሚቀር አምስቱ ልጆች ዕዳቸው ተራዝሞላቸው፣ በትንሽ ቁጥር እንደገና ቢጀምሩበት ለሁሉም ይበጃል። አሁን እኮ ዶሮ ማርባት ያውቃሉ፤ ያን ያህል ዋጋ የተከፈለበትን ዕውቀት መጣል ብክነት ነው።

ባለሙያዎቹም በበኩላቸው ችግር እንዳለባቸው አናጣውም። አንድ ባለሙያ ብዙ ሰፈር ይሸፍናል፤ መጓጓዣ የለውም፤ ሪፖርት የሚጠየቀውም ስንት ሰው እንዳደራጀ እንጂ ስንት ሰው በሁለተኛው ዓመት እንደቆመ አይደለም። ለዚህ ነው ሁሉን ለመንግሥት ትተን መቀመጥ የማይገባን።

ከራሳችን የሚጠበቀው

ማኅበራችን በበኩሉ የሚከተለውን ወስኗል። ከእንግዲህ ኮሚቴው ለማንኛውም የግብርና ብድር የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው ከላይ ያሉት ጥያቄዎች ከአመልካቾቹ ጋር በጋራ ከታዩ በኋላ ነው። ደብዳቤ የጻፈ ኮሚቴም በየወሩ አንድ ጊዜ ሼዱን ወይም ጓሮውን የመጎብኘት ግዴታ አለበት። ከነዋሪው መካከል ዶሮና ላም ያረቡ እናቶች፣ በግብርና ሥራ ኖረው በጡረታ ላይ ያሉ አባቶች፣ ሒሳብ መያዝ የሚችሉ ወጣቶች ስማቸውን በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ላይ እንዲያስፈርሙ እንጋብዛለን፤ ሥራው የበጎ ፈቃድ ነው። ምክር ለመጠየቅም ለመስጠትም ከወርኃዊው ዕድር ስብሰባ በኋላ ግማሽ ሰዓት ተመድቧል።

ሌላው ነዋሪ ምን ያድርግ? ይግዛ። እንቁላልና ወተት ከሩቅ ገበያ የሚያመጣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሰፈሩን ልጅ ይጠይቅ። በነፃ አይደለም፤ በገበያ ዋጋ። ሃያ ቤተሰብ በየሳምንቱ አንድ ትሪ እንደሚወስድ አስቀድሞ ቢያስመዘግብ ለጀማሪው ከማንኛውም የድጋፍ ደብዳቤ ይበልጥበታል። ጾም የማይመለከታቸው ጎረቤቶቻችን በጾም ወራት ቢበረቱለት ደግሞ ያን ክፉ ጊዜ ይሻገራል። በጎረቤት መካከል ያለ መተሳሰብ እንዲህ ባለው ጊዜ ነው የሚታየው።

አንድ ነገር ደግሞ እንተው። የወደቀውን ልጅ «ተበድሮ በላ» ማለት እንተው። የበላም አይጠፋ ይሆናል፤ የኛዎቹ ግን አልበሉም፤ ከነመኖ ጆንያው ሌሊት ሼድ ውስጥ ሲያድሩ ያየናቸው ነን። አምስቱ ልጆች ዛሬም የሰው ዕዳ እየከፈሉ ነው። ከሰፈር ወጥተው አልጠፉም፤ ይህ ራሱ ሊከበርላቸው ይገባል።

ለጠየቃችሁን እናቶችና አባቶች መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው። ልጃችሁ ለአምስቱ ጥያቄዎች መልስ ካለው ፈርሙለት። መልስ ከሌለው ግን አትቆጡት፤ ይዛችሁት ኑ፤ አብረን እንሥራው። ከተፈረመም በኋላ ደግሞ እኛ ወደ እርሱ እንመጣለን።

ከማኅበሩ የሥራ አመራር ኮሚቴ